ባለ አንድ ወንበር ሱቅ

እሑድ፣ 29.9.13

በዚህ በእስራኤል አገር ሁሉ ነገር «ከበዓላቱ በኋላ» ነው። ጥርስ ሐኪሙ ከበዓላቱ በኋላ፣ ቧንቧ ሠሪው ከበዓላቱ በኋላ፣ ጽሕፈት ቤቱ ሁሉ ከበዓላቱ በኋላ። እኔም እንደ አገሩ ከበዓላቱ በኋላ ሱቅ ከፈትኩ። ሀዳር ሰፈር፣ ገበያው አጠገብ፣ ጫማ ሰፊ የነበረበት ጠባብ ቤት። የምሸጠው ደጋንና ቀስት ነው። ሐይፋ እስከ ዛሬ ያለ እኔ እንዴት እንደኖረች እግዜር ይወቅ።

የመጀመሪያው ደንበኛ የተገነጠለ ጫማ ይዞ መጣ። ጫማ ሰፊው ለቋል፣ አሁን የቀስት ሱቅ ነው ብዬ ብነግረው «እንግዲያው ተረከዙን ብቻ ምቺልኝ» አለ። ሁለተኛዋ ሽንት ቤት ጠይቃ ሄደች። ሦስተኛው ጎረቤት ናቸው። አቪ ይባላሉ፤ ከሱቁ በላይ ሦስተኛ ፎቅ ይኖራሉ፤ ሰባ አራት ዓመታቸው ነው፤ አርባ ዓመት ወደብ ላይ ጉምሩክ ሠርተው ጡረታ ወጥተዋል፤ ሚስታቸው ሞተዋል። ይህን ሁሉ የነገሩኝ ሳልጠይቃቸው ነው። ቀስት ወርውረው ያውቁ እንደሆነ ጠየቅኳቸው። በሕይወታቸው ከደረሰኝ በቀር የወረወሩት ነገር የለም።

ሽማግሌ ቆሞ እኔ ልቀመጥ አልችልም። ያለችኝን አንዲት ወንበር ሰጠኋቸው። ተቀመጡ፣ ጋዜጣቸውን ዘረጉ፣ እስክዘጋ ድረስ አልተነሡም።

የዛሬ ሽያጭ፦ አንድ የጣት መከለያ ቆዳ።

ረቡዕ፣ 2.10.13

ሰው በሩን ከፍቶ መጀመሪያ የሚያየው ወንበሩን ነው። ወንበሩ ላይ ሽበትና መነጽር አለ። አጠገቡ ቆማ ክር የምትጠመጥም ኢትዮጵያዊት አለች። ሒሳቡ ቀላል ነው።

«ባአል ሃባይቱ፣ ባለቤቱ፣ አንተ ነህ?» ይሏቸዋል። አቪ ጣታቸውን ወደ እኔ ይቀስራሉ። ዛሬ አንዱ ጣታቸውን ተከትሎ አየኝና ደስ አለው፤ «ጥሩ፣ እሷ አንድ ብርጭቆ ውሃ ታምጣልኝ» አለ። አመጣሁለት። አቪ ሱቁ የሷ ነው ብለው በደንብ አስረዱት። ሰውየው ከልቡ ሳቀ፤ ቀልደኛ መሰሉት። ስድስት ቀስት ገዝቶ ገንዘቡን ለእሳቸው ዘረጋ፤ እሳቸው ለእኔ አቀበሉኝ።

ሁለተኛ ወንበር መግዛት አለብኝ። ቦታ ግን የለም።

እሑድ፣ 6.10.13

አዳሙን ፋብሪካው የሌሊት ተራ አስገብቶታል። ባሌ ባይኖር ደብተሬ አለ።

ነሸር ከተማ ያለውን የስፖርት አዳራሽ አሥራ አንድ ዓመት ጠርጌያለሁ። ማክሰኞና ሐሙስ የቀስት ክበቡ ይለማመድበት ነበር። ልጆቹ የላላውን የደጋን ጅማት ቆሻሻ ውስጥ ይጥሉታል። አንዱን አውጥቼ ቤት ወሰድኩና ፈታሁት። አሥራ አራት ክር፣ ሰም፣ ጫፍና ጫፉ ላይ ጆሮ፣ መሐሉ ላይ ጥብቅ ያለ ጥምጥም። እናቴ ጎንደር ሳለች ጥጥ የምትነድፍበት ደጋን ጅማት ከዚህ አይለይም፤ ያኛው ከአንጀት የተሠራ ከመሆኑ በቀር። ሠርቼ ለአሠልጣኙ ሰጠሁት። ከዚያ ወዲያ ሁለት ዓመት ሙሉ የክበቡ ልጆች የጠራጊዋን ጅማት ሲወጥሩ ኖሩ፤ ከየት እንደመጣ ሲጠይቁት አሠልጣኙ «ከዕቃ ቤት ነው» ይላቸው ነበር። ውሸት አይደለም። እኔም የምቀመጠው ዕቃ ቤቱ ውስጥ ነበር።

ቁጭቱ ነው ሱቅ ያስከፈተኝ። አንድ ቀን አንድ ሰው «ይህ ጅማት የማን ነው?» ብሎ ሲጠይቅ «የይታይሽ» እንዲባል ፈልጌ ነው። ይኸው ጻፍኩት፤ ለሰው አልነገርኩትም።

ለእናቴማ ጭራሽ። እናቴ ክርያት ያም ከተማ ነው የምትኖረው፤ ክርያት ያም ደግሞ ዘነቡ አለች፤ ዘነቡ ደግሞ ራሷን የቻለች ሬዲዮ ናት። የሷ ልጅ ብሩ ባለፈው ዓመት የቅመማ ቅመም ሱቅ ሲከፍት በግ ታረደ፣ ድንኳን ተጣለ፣ ቄሱ መረቁ፣ ሰው ሁሉ አየ። በሦስተኛው ወር ተዘጋ። እስከ ዛሬ ሰፈሩ ዘመን የሚቆጥረው በሱ ነው፤ «የብሩ ሱቅ ሳይዘጋ በፊት»፣ «የብሩ ሱቅ ከተዘጋ ወዲህ»። ልጁ አሁን ሰው ላለማግኘት ብሎ በጓሮ በር ይወጣል።

ስለዚህ ለእናቴ ሱቅ ውስጥ ሥራ አገኘሁ አልኳት። ውሸት አይደለም። ሱቅ ነው፤ ሥራም ነው። ዝም አይነቅዝም ይባል የለ። ነገሩ ሲጠነክር እነግራታለሁ።

የኦሴክ ፓቱር ወረቀቴን፣ የነጋዴነት ፈቃዴን፣ ስሜ በትልቁ የተጻፈበትን፣ አዳሙ መስታወት ውስጥ አስገብቶ የት ልስቀለው አለኝ። ከበሩ ኋላ አልኩት። በሩ ሲከፈት ይሸፍነዋል። ፀሐይ እንዳያጠቁረው ብዬ ነው። አዳሙ አንድ ጊዜ አየኝና ግድግዳውን በሳው።

ሐሙስ፣ 10.10.13

ሦስት ደጋን ይጠገናል። ሰም አልቋል። ላባ የሚያጣብቀው ሙጫ ጣቴን ከጣቴ አጣብቆ ዋለ። ሁለተኛ ወንበር ገና።

አንዲት ሴት ለአቪ ሠራተኛህ እጇ ወርቅ ነው አለቻቸው። ሠራተኛዬ አይደለችም አሏት። «አውቃለሁ፣ እንደ ልጅህ ነው የምታያት» ብላ ዓይኗ እንባ አቀረረ። ምንም ሳትገዛ ሄደች።

ማክሰኞ፣ 15.10.13

እናቴ መጣች። ሳትደውል። ከነዘነቡ።

ገበያ ጎመን ሊገዙ ወጥተው ነው አሉ። ክርያት ያም ጎመን ጠፍቷል መሰለኝ፤ አውቶቡስ ተሳፍረው ሀዳር ድረስ መጡለት። አድራሻውን ያወጣችላቸው ልጄ ኮከብ ናት፤ ሚስጥር ጠባቂዬ።

እናቴ ግድግዳው ላይ የተሰቀሉትን ደጋኖች አይታ «እዚህ አገር ደግሞ ማን ጥጥ ይነድፋል?» አለች። ከዚያ ወንበሩን አየች። ነጠላዋን አስተካክላ፣ ጎንበስ ብላ፣ የአቪን እጅ በሁለት እጇ ያዘች። ልጄን እንጀራ አብልተውልኛል፣ ዕድሜና ጤና ይስጥዎ፣ ቤትዎ አይጉደል፣ እያለች መረቀቻቸው። ንገሪያቸው አለችኝ። «እንደምን ዋልክ ትላለች» አልኩ። ያ ሁሉ ምርቃት በዕብራይስጥ ሁለት ቃል ሆኖ ወጣ።

አቪ እንደ ልማዳቸው ጣታቸውን ወደ እኔ ሊቀስሩ አነሡ። ራሴን ነቀነቅኩ። ትንሽ ብቻ፤ ዝንብ የማባረር ያህል። ጣታቸው ታጠፈ። እናቴን አዩ፣ ዘነቡን አዩ፣ እኔን አዩ። ከዚያ ከወንበሩ ብድግ ብለው የእናቴን እጅ ጨበጡና ልጅሽ በጣም ጎበዝ ሠራተኛ ናት አሉ። ይህን አንድም ቃል ሳላጎድል ተረጎምኩ።

የሰው ነገር ይገርማል። ሁለት ሳምንት ሙሉ የሷ ነው ሲል የከረመ ሰው እንዲህ ፈጥኖ ወንበሩ ይጣመው?

ዓርብ፣ 18.10.13

አቪ ኮት ለብሰው መጡ። ከረባትም አለ።

ዘነቡ ብቻዋን መጣች፤ ሐኪም ቤት ቀጠሮ ነበረኝ፣ በዚያው ልይሽ ብዬ ነው አለች። ሐኪም ቤቱ ያለው በሌላኛው የከተማው ጫፍ ነው። እግሯ እንደረገጠ አቪ ጋዜጣቸውን አጥፈው «ይታይሽ፣ መስታወቱ ቆሽሿል፤ ጥረጊው» አሉ። በገዛ ሱቄ! ጠረግኩ። የዘነቡ ፊት ከመስታወቱ ይልቅ አበራ።

እሷ ስትወጣ አቪ ብርቱካን ልጠው ግማሹን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡልኝ። ጉቦ መሆኑ ነው። በላሁት።

ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይላሉ። አጥሬ እየተነቀነቀ ነው።

ማክሰኞ፣ 22.10.13

የከተማው ምርጫ ነው፤ ሥራ ዝግ ስለሆነ ሰው መንገዱን ሞልቶታል። እኔ ከፈትኩ። የመረጥኩትን ሰው የሚያውቀው ሳጥኑ ብቻ ነው።

ሽሎሚት መጣች፤ የነሸር ክበብ ሥራ አስኪያጅ። አሥራ አንድ ዓመት ከእግሯ ሥር ጠርጌያለሁ። አንገቴን አቅፋ ሳመችኝና ወደ አቪ ዞረች። «ጠራጊያችንን ወሰድክብን፤ የዋዛ ሴት እንዳትመስልህ፣ ወርቅ ናት» አለቻቸው። ከዚያ ወሬው ሁሉ ከእሳቸው ጋር ሆነ። ለሐኑካ በዓል ውድድር ሃያ አራት ጅማት ትፈልጋለች፤ ጥሩ ከሆነ የዓመቱ ጥገና ሁሉ ለዚህ ሱቅ ይሰጣል። ከሥራው ሁሉ የሚበልጠው ደግሞ ይህ ነው፦ የክበቡ ደንብ ተለውጦ እያንዳንዱ ጅማት ላይ የሠሪው ስም ይታሰራል። «የማን ስም ይሁን?» ብላ አቪን ጠየቀች።

የምመኘው ጥያቄ ይኸው ተጠየቀ። የተጠየቁት ግን እሳቸው ናቸው።

ዘነቡ ዛሬም መጥታ ጥግ ላይ ቆማለች፤ ፈጥነው ሲያወሩ ስላልያዘላት ምን ይላሉ ትለኛለች። ዋጋ ነው አልኳት። አቪ ዘነቡን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ስሙን እናስብበታለን» አሉ፤ የሚያስቡበት እሳቸው ናቸው እንግዲህ። ሽሎሚት ጻፈች፦ ባለቤት፣ አቪ።

መናገር ነበረብኝ። ጅማት ሰም መቀባቴን ቀጠልኩ።

እሑድ፣ 3.11.13

ሐሙስ ለስግድ፣ ለቤተ እስራኤል በዓላችን፣ ኢየሩሳሌም ወጣን። ቄሶቹ ጥላቸውን ዘርግተው ሲጸልዩ ሰው ሁሉ እጁን ወደ ሰማይ ያነሣል። እናቴ አጠገቤ ናት። ለጤና ጸለየች፣ እዚያ ለቀሩት ዘመዶች ጸለየች፣ ለልጆቼ ጸለየች። ከዚያ ስታለቅስ ሰማኋት፤ ለአቪ ነው። «ልጄን ከመጥረጊያ ላወጣልኝ ሰው» እያለች።

በአውቶቡሱ አብረውን የመጡት ሴቶች ሁሉ አሜን አሉ። ጉምሩክ የነበሩ ሽማግሌ በስግድ ሲጸለይላቸው ይህ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም።

ስመለስ ልነግራት ነበር። ጾም ላይ ነበረች፤ ጾመኛ ይደነግጣል ብዬ ተውኩት። ከጾሙ በኋላ በላች፤ የበላ ሰው ደግሞ ይተኛል።

ማክሰኞ፣ 12.11.13

እናቴ ማክሰኞ ማክሰኞ መምጣት ልማድ አድርጋዋለች። ለአለቃዬ ዳቦ ይዛ። አቪ በልተው ይወፍራሉ፤ እኔ ቆሜ እሠራለሁ።

ዛሬ የተወጠሩትን ጅማቶች አንድ በአንድ በጣቷ ነካች፤ ጥጥ ልትነድፍ ስትል እንደምታደርገው። ጆሮዋን አስጠግታ ታዳምጣለች። ዘጠነኛው ላይ ቆመች። «ይቺ ሰነፍ ናት» አለች።

ሥራዬን ታውቃለሽ እንዴ ልላት ነበር። ፈታሁት። ከአሥራ አራቱ ክሮች አንዱ ላልቶ ቀርቷል። ውድድር ላይ ሲተኮስበት ቀስቱ ሁሉ ወደ ግራ ይሄድ ነበር፤ ልጁም እጄ ነው ብሎ ያለቅስ ነበር። እኔ በዓይኔ አላየሁትም፤ እሷ በጆሮዋ አገኘችው።

ማን አስተማረሽ አለችኝ። አንቺው ነሽ ብላት ደስ ይላት ነበር። «ባለቤቱ ናቸው» አልኳት። ለምን እንዲህ እንዳልኩ አላውቅም። ወደ አቪ ዞራ ጎንበስ አለች።

ዛሬ ራሴን ጠልቻለሁ።

ሰኞ፣ 18.11.13

ከክበቡ ደብዳቤ መጣ፦ «ለተከበሩ ለአቶ አቪ፣ የሱቁ ባለቤት»። ሃያ አራቱም ጅማት ተፈትኖ አልፏል። ለመፈራረም በ26.11 ሽሎሚት ራሷ ትመጣለች። የሠሪውን ስም ያዘጋጁ።

አንብቤ ስጨርስ ወንበሩን አንሥቼ ዕቃ ማስቀመጫው ቆጥ ላይ ሰቀልኩት። አሁን እንያ አልኩ። አቪ መጣ። አዎ፣ መጣ። ባዶውን ቦታ አየ። ጋዜጣውን ይዞ መደርደሪያው ላይ ተደግፎ ቆመ። አንድ ሰዓት። ሁለት ሰዓት። አንዴ በቀኝ አንዴ በግራ እግሩ ሲቆም አየሁ፤ ያላየሁ መስዬ ላባ ቆረጥኩ። ሁለት ደንበኛ ገባ። ወንበር በሌለበትም ቢሆን የጠየቁት እሱን ነው።

ረቡዕ፣ 20.11.13

ወንበሩን ትናንት አወረድኩ። አባቴ ቢያየኝ ምን ይለኝ ነበር? የሰባ አራት ዓመት ሽማግሌ መደርደሪያ አስደግፌ አቆምኩ። አቪ ሲቀመጡ አመሰገኑኝ፤ ተጠግኖ መጣ እንዴ አሉኝ። አዎ አልኩ።

ለአዳሙ ሁሉንም ነገርኩት፤ ሱቄን ወሰዱብኝ አልኩት። እንቅልፍ እንደያዘው ጫማውን እያወለቀ አዳመጠኝ። «ማን ሰጣቸው?» ብሎ ተኛ። የፋብሪካ ሰው እንዲህ ነው፤ ነገር አይገባውም።

ማክሰኞ፣ 26.11.13

ዛሬ ሁሉንም እጽፋለሁ።

ማክሰኞ ስለሆነ እናቴ ነበረች። ዘነቡም ነበረች፤ መቼ ቀርታ ታውቃለች? ሽሎሚት ገባች፣ ወረቀቷን አቪ ፊት ዘረጋች፣ እስክሪብቶ ሰጠቻቸው። አቪ እስክሪብቶውን አልነኩትም። መነጽራቸውን አውልቀው ወደ እኔ አዩ።

«ይታይሽ፣ እናትሽ እዚህ ናት» አሉ በዕብራይስጥ፣ ቀስ ብለው። «ያን ቀን ራስሽን ነቅንቀሽ አለቃ ሁንልኝ አልሽኝ። ምክንያት ይኖራታል ብዬ ሆንኩልሽ። ወገኖችሽ ሲገቡ ኮት ለበስኩ፣ መስታወት አስጠረግኩሽ፤ ማታ ማታ አፈርኩ። ግን አርባ ዓመት ጉምሩክ ስሠራ የኔ ባልሆነ ዕቃ ላይ ፈርሜ አላውቅም። እስከ መቼ ልቀጥል?»

ሽሎሚት ከአቪ ወደ እኔ፣ ከእኔ ወደ አቪ ታያለች። ዘነቡ ቀስ ተብሎ ሲነገር ዕብራይስጥ ትሰማለች፤ አፏ ተከፍቶ ቀረ። የማትሰማው እናቴ ብቻ ናት። ምን አሉ ትለኛለች። «እንደምን ዋልክ» ልላት አልቻልኩም።

«እማዬ፣ ሱቁ የኔ ነው» አልኳት። «ከመጀመሪያው ጀምሮ የኔ ነው። እሳቸው ጎረቤት ናቸው።»

እናቴ ግድግዳውን አየች፣ ደጋኖቹን አየች። በሩን ዘግቼ ከኋላው የተሰቀለውን ወረቀት አሳየኋት፤ ማንበብ ባትችልም በጣቷ ነካችው። ከሰው ዓይን እንዲጠብቀኝ ሦስት ጊዜ ቱፍ ቱፍ አለችብኝ። ትቆጣለች ብዬ፣ ታለቅሳለች ብዬ ጠበቅኩ።

«ያንቺ ከሆነ ታዲያ ምነው ቆመሽ?» አለች።

የያዝኩትን ክር ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ።

አቪ ብድግ ብለው ወንበሩን ሰጡኝ። ሽማግሌ ቆሞ ተቀመጥኩና ፈረምኩ። ለካ የወንበሩ አንድ እግር ያጥራል። ሁለት ወር ሙሉ በሚወዛወዝ ወንበር ላይ ተቀምጠው አንድ ቀን ምንም አላሉም። ሽሎሚት የሠሪውን ስም ጠየቀችኝ፤ እኔን። ነገርኳት፤ ሳትሳሳት እንድትጽፈው ፊደል በፊደል። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ስታሳጥረው የኖረችው ሙሉ ስሜን ስላላወቀች ነበር ለካ፤ አሁን ነው የነገረችኝ። ከዕቃ ቤት ይመጣ የነበረው ጅማት የማን እንደነበርም ነገርኳት። ቀላች።

ዘነቡ ስትወጣ «ብሩም በግ ባያርድ ይሻለው ነበር» አለች። ከዚህች ሴት እንዲህ ያለ ነገር ይወጣል ብዬ አስቤ አላውቅም። ያን ልጅ ሱቁ ድረስ እንዲመጣ ንገሪልኝ አልኳት፤ ቀስት የሚያሽግ ሰው ያስፈልገኛል።

ደብተሩን ወደ ኋላ ገለጥኩ። አቪ አለቃ የሆኑባቸው ቀኖች ሁሉ ላይ እናቴ ወይም ዘነቡ አለች። እነሱ በሌሉበት ቀን አንድ ጊዜ እንኳ ሠራተኛዬ ብለውኝ አያውቁም። በገዛ እጄ ጽፌዋለሁ፤ አላነበብኩትም እንጂ።

እሑድ፣ 8.12.13

ሁለተኛ ወንበር ተገዛ። ቦታ የለበትም ስል በከረምኩት ሱቅ ውስጥ ጠረጴዛዋን አንድ ስንዝር ብንገፋት ቦታ ተገኘ። የአሮጌውን ወንበር አጭር እግር አዳሙ አስተካከለው። ወረቀቴም ከበሩ ኋላ ወጥቶ ከመስታወቱ ትይዩ ተሰቅሏል፤ ፀሐይ ያጥቁረው።

ውድድሩ አለፈ። አንድም ጅማት አልተበጠሰም። በሃያ አራቱም ላይ ስሜ ታስሯል፤ በዕብራይስጥ ሲጻፍ ትንሽ ነገር ነው፤ ጥፍር አያክልም።

ዛሬ ጠዋት አንድ ረጅም ሰውዬ ገባ። ሁለታችንም ተቀምጠናል። ለልጁ ደጋን ፈልጎ ነው፤ እንደ ሁሉም ወደ አቪ ዞረ። አቪ ከጋዜጣቸው ቀና አላሉም። «እኔ ጡረተኛ ነኝ፤ ባለቤቷን ጠይቅ፤ ያቻት» አሉት።

ወደ ኋላዬ ዞሬ ማን እንዳለ አየሁ።